የማንደፍሮ ካምፐር ለምን አይቀዘቅዝም ነበር

ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ ሰፈር ውስጥ ማንደፍሮን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ገና ትናንት የመጣ ነው። የሚታወቀውም በካምፐሩ ነው፤ አልጋና ማብሰያ ባለው፣ ከቤቱ አስበልጦ በሚወደው አሮጌ መኪና። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሆቴል ሲያጸዳ ኖሮ፣ የራሴ የሚለው መዝናኛ እሱ ብቻ ነበር።

በበጋ ከባለቤቱ ከየምሥራችና ከልጃቸው ከሳያት ጋር ዴን ሃግ ባሕር ዳር ይወርዱበት ነበር። ደግ ጊዜ ነበር! ሙቀቱ ግን አያድርስ ነው። የመኪናው ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ያጉረመርማል እንጂ ትንፋሽ አይወጣውም። ጋራዦች «የውስጥ ልባሱ ተፈትቶ ካልታየ» ሲሉ፣ የምሥራች «በገዛ እጃችን የሠራነውን ቤት አታፍርሱብኝ!» ብላ ታባርራቸዋለች። እውነቷን ነው፤ እሱ የልባሱን ኮምፔንሳቶ በብሎን ሲያስር በሌላው ጫፍ ደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች።

የምሥራች ካረፈች ወዲህ መኪናው ከደጅ ብዙም አልተነቃነቀም። ዘንድሮ ሳያትን «የልጅ ልጄን ይዘሽልኝ ነይና ባሕር እንውረድ» ቢላት፣ «አባዬ፣ እሱ እኮ ምድጃ ነው! ሕፃን አላስገባበትም። መጀመሪያ አሠራው» አለችው። ብቻውን መውረድ ደግሞ አልሆነለትም፤ አንድ ጊዜ ሞክሮ ከመንገድ ተመልሷል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ካቻቪቴውን ይዞ ገባ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። የእጇን ሥራ ማፍረስ ሆኖበት «ይቅር በይኝ እንግዲህ» እያለ ጮክ ብሎ ያነጋግራት ነበር። የጣሪያው ልባስ ሲወርድ አየር የሚያስተላልፈው ቱቦ አፍ ታየ። በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ቢስበው ቢስበው የየምሥራች ሰማያዊ ሻሽ ወጣ፤ ከኋላው ደግሞ የነጠላዋ ቅዳጅ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ቱቦው የሚነፍሰው በሹፌሩ፣ በራሱ በማንደፍሮ፣ ማጅራት ላይ ነበር። የምሥራች ደግሞ ንፋስን እንደ ጠላት ነበር የምታየው፤ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ የማታውቀውን ሰው መስኮት ተነሥታ ትዘጋ ነበር። «ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ ይመታሃል» ስትለው እየሳቀ ቢያልፋት፣ ኮምፔንሳቶውን ሲያስሩ የልቧን አድርሳ ኖሯል። ያን ሁሉ በጋ አብራው በላብ ስትጠመቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም! ማንደፍሮ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሻሹን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሞተሩን አስነሥቶ ኤሲውን ሲከፍተው ቀዝቃዛ አየር ወረደበት። ለሳያት ደወለ።

«ተሠራ። ነይ።»

«በመጨረሻ! ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም። እናትሽ ናት የዘጋችው፣ ንፋስ እንዳይመታኝ ብላ። ሻሿን አገኘሁት።»



«አባዬ፣ እንዳታጥበው» አለች። «አሁን እመጣለሁ።»