ደህና ነኝ ባዩ ጀልባ ነጂ

አባቴን «እንዴት አደርህ?» ብሎ ጠይቆ እውነቱን የሰማ ሰው የለም። ጥርሱን ሲያመው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ወባ ጥሎት ብርድ ልብስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። የእናቱን ቀብር ውሎ ሲመለስ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ያችኑ ነው ያላት። ልጅ እያለሁ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ግን ያናድደኝ ጀመር። ብናገረውም አይሰማም። «የሰጠንን ትቶ ያጎደለብንን ለሰው መዘርዘር ነውር ነው» ይላል፤ አለቀ።

ስሙ ዓምደ ሚካኤል ይባላል። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የመንግሥት ጀልባ ነጂ ነበር። ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ፣ አንዳንዴም ጎርጎራ ድረስ ሰውና እህል፣ ቆርቆሮና ፍየል፣ ሙሽራና አስከሬን ሲያመላልስ ነው ዕድሜው የሄደው። ቤታችን ዓባይ ማዶ ስለሆነ ከሐይቁ ራቅ ይላል። እሱ ግን ጠዋት ከደጃፍ ቆሞ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደቅ በኩል ይናወጣል» ካለ፣ ይናወጣል። እንዴት እንደሚያውቅ ስጠይቀው መዳፉን ዘርግቶ ያሳየኝ ነበር። ጀልባ በዓይን አይነዳም ባይ ነው። ውሃው ጥልቅ ይሁን አይሁን፣ ማዕበሉ ከጎን ይምጣ ከፊት፣ ከታች የሞተሩ ክንፍ ላይ የእምቦጭ አረም ይጠምጠም አይጠምጠም፣ ሁሉም በመሪው በኩል መጥቶ እጁ ላይ ይደርሳል።

ሃምሳን እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ከወራት በኋላ እግሩ ተመለሰ፤ የተጣመመው አፉም ተቃና። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ላየው ሰው ምንም አልሆነም፤ አልከሳም፣ አልተኮማተረም፣ ጣቶቹም ይታጠፋሉ። ነገር ግን ክንዱ ብቻውን አይነሳም፣ መዳፉም የነካውን አያውቅም። እናቴ የብርጓል አንድ ቀን የፈላ ሻይ አቀበለችው። ብርጭቆውን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ሲያወራ አየችና ጮኸች። መዳፉ ተልጦ ነበር። እሱ ደንግጦ «ምን ሆንሽ?» አላት።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ነው የምሠራው። የጡረታ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ደንቡን አውቀዋለሁ፤ አስቀምጬ ነገርኩት።

«አባዬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው ስልሳ ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት በጤናው ምክንያት መሥራት ካልቻለ ግን የሐኪሞች ቦርድ መርምሮ ‹አይችልም› ሲል፣ እንዳንተ ብዙ ዘመን ካገለገለ፣ አበሉ ይጀመርለታል። በራስህ ፈቃድ እለቃለሁ ካልህ የጡረታ ዕድሜህ እስኪደርስ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው። ቦርዱ ‹ይችላል› ካለ ደግሞ ወደ ጀልባህ ትመለሳለህ።»

ከዚህ ሁሉ የሰማው «ወደ ጀልባህ ትመለሳለህ» የምትለዋን ብቻ ነበር። ፊቱ ሲበራ አየሁት። የሕመም ፈቃዱ ሊያልቅ ነው፤ ቤታችን የቆመው በእሱ ደሞዝ ነው። በዚያ እጅ ሰው ጭኖ ሐይቅ ላይ እንዲወጣ ደግሞ ማን ይፈቅዳል? እኔ የፈራሁት እሱ የጓጓለትን ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈለትና ቦርዱ ፊት የሚቀርብበት ቀጠሮ ተያዘለት። የቀጠሮው ቀን ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ለክት ያስቀመጠውን ሙሉ ልብስ ለበሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው ወይስ ልትዳር?» አለችው እናቴ።

«ትልልቅ ሰዎች ፊት እኮ ነው የምቀርብ!»

እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። ውስጥ የሆነውን ማታ ራት ላይ በኩራት የነገረን ራሱ ነው። ገብቶ ሐኪሞቹን ተራ በተራ ጨበጠ። ታላቅ ሰው እንደሚጨበጠው ሁሉ፣ ግራ እጁን ከቀኙ ክርን ስር አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ያ ግራ እጅ ቀኙን ተሸክሞት እንደነበር ማን ይጠርጥር? ጨዋ ሰው ነው ብለው ደስ አላቸው እንጂ።

«እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ሥራ እንዴት ነው?»

«እጅዎን ያምዎታል?»

«ኧረ የለም።» አልዋሸም፤ የማይሰማው እጅ ምን ብሎ ያመዋል?

«ሥራዎን ይችላሉ?»

«በእሱ ፈቃድ፣ ምን አቅቶኝ!»

ከእሱ በፊት የገቡት ሰዎች ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ሕመም ሲደረድሩ ነው የዋሉት። እንደዚያ ደክሟቸው ለተቀመጡ ሐኪሞች ደህና ነኝ የሚል ሰው ዕረፍት ነው። «ለሥራ ብቁ ነው» ብለው ጻፉ። እናቴ ስትሰማ ሻሿን አውልቃ ጭኗ ላይ ጣለችው፣ ስትናደድ እንዲህ ናት። እኔም የሚባለውንም የማይባለውንም ተናገርኩት። እሱ ራቱን በልቶ ሲጨርስ «ሐኪም ደህና ነህ ካለኝ ደህና ነኝ ማለት ነው» አለ።

ነገሩ ጨዋነት ብቻ አልነበረም። አባቴ ናፍቆ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሮ ወደቡ አጠገብ ይቀመጣል። ጀልባዎቹ ገና ከሩቅ ነጥብ ሆነው ሳሉ በድምፃቸው ይለያቸዋል። እሱ ሲነዳት የነበረችዋ ስትመጣ ይነሳል፤ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ሸክም ሁሉ ተራግፎ እስኪያልቅ ቆሞ ያያታል። እናቴ አብራው የሄደች ቀን ስትመለስ «እኔ ብሞት እንኳ እንዲህ አይናፍቀኝም» ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። ሰው በሚናፍቀው ነገር አጠገብ እየኖረ ሲናፍቅ ማየት ከባድ ነው። ቢርቅ ይሻል ነበር እያልኩ አስብ ነበር።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት እጁን ሊሞክር ፈለገ። ድሮ ረዳቱ የነበረው ጌትነት አሁን ያችኑ ጀልባ ይነዳል። «ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ እሺ፤ ተሳፋሪ ሳንጭን እንወጣለን» አለው። እኔም አልቀርም ብዬ ገባሁ። ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ተኝቷል። አባቴ ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ የተወለደበት ቤት የገባ መሰለ። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ መሪው ላይ አስቀመጠ፣ ጣቶቹን አጠፈ፤ ግራውን እንደ ልማዱ ነዳጅ መስጫው ላይ አደረገ። ወጣን። ያን ቀን ያወራውን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ያኛው ዛፍ ስር ዓሣ ይበዛል፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እናትሽን መጀመሪያ ያየኋት በዚህ በኩል ስትሻገር ነው። ጌትነትም እኔም እንስቃለን።

በመሐል ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ዳር መዞር ጀመረች። ቀና ስል የአባቴ ቀኝ እጅ መሪው ላይ የለም። ወርዶ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። እሱ ግን ወደፊት እያየ ያወራል፤ መሪውን የያዘ መስሎታል። ጌትነት እጁን ሰደድ አድርጎ መሪውን ያዘ።

«ምነው ዛሬ ማዕበሉ ጠፋብኝ?» አለ አባቴ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጁን አየው። የሌላ ሰው ዕቃ ጉልበቱ ላይ ተረስቶ ያገኘ ያህል ነበር አስተያየቱ።

«ጌትነት፣ መልሳት» አለ።

ባጃጁ ውስጥ ድልድዩ ላይ ስንደርስ «ቃልኪዳን፣ ሰው ጭኜ ቢሆንስ?» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳልጠይቀው፣ ለቦርዱ የቅሬታ ማመልከቻ እንድጽፍለት ነገረኝ።

ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። እስከዚያው ቤት ውስጥ እኔ ሐኪም እየሆንኩ አለማመድኩት።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና…»

«አባዬ!»

እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እሱ ግን ተጨነቀ። «ልጄ፣ እንደማልችል መናገር እችላለሁ፤ ማማረር ግን አልችልበትም» አለኝ። «ማማረር አይደለም፣ እውነቱን መናገር ነው» ስለው «ለማያውቁት ሰው?» አለ።

በዚህኛው ቀን አስታማሚ ነኝ ብዬ አብሬው ገባሁ። የቦርዱ ሰብሳቢ ዶክተር ኢኽላስ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከመቀመጫቸው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉለት። አባቴ እንደ ለመደው ጎንበስ ብሎ፣ ግራውን ከክርኑ ስር አድርጎ ጨበጣቸው።

«እንዴት ነዎት፣ አባቴ?»

ዘወር ብሎ አየኝ። አፉ ተከፈተ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«አባዬ፣ ግራ እጅህን ልቀቀው!» ብዬ ጮኽኩ።

ልጅ በሰው ፊት አባቷ ላይ ስትጮህ ነውር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። እንዲህ ባለ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። ቀስ ብሎ ግራ እጁን ከክርኑ ስር አወጣ። ቀኙ ዱብ አለ፤ ዶክተሯ ይዘውት ስለነበር ክብደቱ እሳቸው መዳፍ ላይ ቀረ። ፊታቸው ተለወጠ፤ እጁን ግን አልለቀቁትም።

«አሁን እንደያዝሁዎት ይሰማዎታል?»

«አይሰማኝም» አለ።

ቀጥሎ ያለውን ማንም አልጠየቀውም። «ዶክተር፣ አያመኝም፤ ማማረሬም አይደለም። ውሃው ግን አይመጣልኝም። ድሮ መሪውን ስይዝ ሐይቁ እንዳለ ክንዴ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን የያዝሁት ብረት ይሁን ነፋስ አላውቅም። ዕለት ዕለት ዳሩ እየተቀመጥሁ ናፈቀኝ። ሰው ጭኜ ግን ከእንግዲህ አልወጣም።» እንዲህ ስላለ ያፈረ ይመስል ኮቱን አስተካከለ።

በመርፌ ጫፍ ጣቶቹን ነካኩ፣ ክንዱን አስነሱት፣ ለተጨማሪ ምርመራም ላኩት። በመጨረሻ «ሥራውን በቋሚነት መሥራት አይችልም» ተብሎ ጡረታው ተፈቀደ። የለመንኩት ይህንኑ ነበር። ሲደርሰኝ ግን ደስ አላለኝም። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ እሱን አየችና ተወችው።

አበሉ እንዲጀመር ከመሥሪያ ቤቱ ክሊራንስ፣ ያልመለሰው ንብረት የለም የሚል ወረቀት፣ ያስፈልጋል። ወደቡ ላይ ካለው ቢሮ ሄደን የሞተሩን ቁልፍና የሕይወት አድን ጃኬቱን አስረከበ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ አባቴ በግራ እጁ የሞከረው ፊርማ ከድሮው ጋር አልገጥም ስላለው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በአውራ ጣት ይሁን» አለው። አባቴ በአጣጣሉ የሚታወቅ ውብ ፊርማ ነበረው። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንተው ተጫንልኝ» አለው፤ «ሲነካ ንገረኝ።»

ሰውየው ጣቱን ቀለም ቀብቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። «ነካ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ወጥተን ወደ ሐይቁ ወረድን። ቀለሙን ልታጠብ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ውሃው ውስጥ ለቀቀው። ግራ እጁ አለለት፤ በዚያ ቢነካው ያውቀው ነበር። ግራውን ግን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ቀዝቃዛ ነው?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ እጄን ከእጁ ጎን ነከርኩ። «ለብ ያለ ነው፣ አባዬ።»

«ዝቅ አድርጊው።»

ዝቅ አደረግኩት። «እዚህ ይቀዘቅዛል።»

«ሌላስ?»

እጄን ውሃው ውስጥ ዘረጋሁት። በዚያ መሐል ጀልባዋ ከወደቡ ስትወጣ የገፋችው ሞገድ ደርሶ ክንዴን ገፋ አደረገው።

«አሁን መጣ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል። «ከግራ ነው?»

«ከግራ ነው፣ አባዬ።»