ተረካቢ ያጣው ሽጉጥ

ቬርና ካንጋስን ያስመረራት ሽጉጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሰየው ነበር። ስለ ሽጉጥ የሚወራው ወሬም አስመርሯታል። አሜሪካ፣ ላይኛው ሚሺጋን ውስጥ፣ ኪቪላ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዕድሜ ልኳን የሰው ፀጉር ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ወይ "ሽጉጥ ያለው ሁሉ ይመዝገብ!" ይላታል፣ ወይ "ማን አባቱ ነው እኔን የሚመዘግበኝ!" ይላታል። እሷም መቀሷን ይዛ "እሺ፣ አንገትህን ቀና አድርግ" ትላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የክርክሩ አውራ እራት እየጠበቀ ነው፤ ባሏ ራይኖ።

ሕጉ የእጅ ሽጉጥ ያለው ሰው በስሙ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ይህን ሕግ እናጥብቅ ወይም እናላላ ተብሎ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ራይኖ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ የከተማው አዳራሽ ይሄዳል፤ ማይክሮፎኑንም እንደ አካፋ ይጨብጣል። "ዛሬ ስምህን ይጽፋሉ፣ ነገ በርህን ያንኳኳሉ! ለመሆኑ ሌባ ሄዶ ይመዘገባል? የሚመዘገበው እንደኔ ያለው ሰላማዊ ሰው ነው!" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። መናገሩን ያውቅበታል፣ እሱስ አይካድም። ቬርና ኋላ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

የራሱ ሽጉጥ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ተመዝግቦ አያውቅም። እዚያ አገር በአጋዘን አደን ዋዜማ ወንዶቹ ጫካ ውስጥ ያለችው ጎጇቸው ይሰበሰባሉ። ጉልበቱ የደከመ ወይም የሞተ ካለ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ በቃ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። የራይኖም ሽጉጥ ከአባቱ የመጣው እንዲያ ነው። "አባቴ በእጁ የሰጠኝን ለማንም ጸሐፊ አላሳይም" ይል ነበር። ግትር ነው፤ ከጥንትም ግትር ነው።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ መርሳት የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ስም፣ ከዚያ የቤቱን መንገድ ረሳ። ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ነገራት፤ ቬርናም አልቅሳ ወጣላት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ከሳውናው ወጥታ፣ ፎጣ እንዳገለደመች በረንዳው ላይ ስትደርስ፣ ራይኖ ሽጉጡን ደረቷ ላይ ደገነባት።

"ማነሽ? ቤቴ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቬርና ነኝ፣ ራይኖ። ሚስትህ። አስቀምጠው፣ በረደኝ።"

ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ "ታዲያ በዚህ ብርድ ካፖርት አትለብሺም?" ብሎ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እሷ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቬርና ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ። ይህ ነገር እሷን ሳይገድል፣ ወይም እሱን ሳይገድል፣ ከቤት ይውጣ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ዱቄት ዕቃው ውስጥ ደበቀችው፤ እሱ "ሌባ ገባ!" እያለ ቤቱን ሲያገላብጥ ውሎ፣ ፊቱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ አገኘው። ያገባትን ሴት እየረሳ ሽጉጡን አይረሳም፣ ኧረ ጉድ ነው! ከከተማው አጠገብ ያለው ሐይቅ ውስጥ ልትጥለው አሰበች። ሐይቁ ደግሞ መኪና እስኪነዳበት ድረስ በረዶ ሆኖ ጠጥሯል። "ምን ላድርግ? በመጥረቢያ ልቆፍርለት?" አለች ለብቻዋ።

ዳሪል ማኪ ጋ ሄደች። ዳሪል የራይኖ የአደን ጓደኛ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከራይኖ ቀጥሎ የሚጮኸውም እሱ ነው። "በመቃብሬ ላይ ካልሆነ አልመዘገብም!" ሲል ያልሰማው የለም።

"ዳሪል፣ በሞቴ ውሰድልኝ" አለችው። "እንደ ወጋችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ።"

"ቬርናዬ፣ ደስ ባለኝ። ግን እኮ ያልተመዘገበ ሆነብኝ።"

"ምን ሆነብህ?"

"ያልተመዘገበ። እኔ ታጥቆ የመንቀሳቀስ ፈቃድ አለኝ። ቢይዙኝ ይነጥቁኛል።"

"አንተ ሰውዬ! አልመዘገብም ስትል አልነበር እንዴ?"

"እሱማ መርሕ ነው" አለ ዳሪል ጆሮው ቀልቶ። "የራሴን እንኳን… ያው አስመዝግቤዋለሁ።"

በል እንግዲህ! ቬርና ሳቅም እልህም አንድ ላይ መጣባት። በሩን አላግታበት ወጣች።

ማታ ላንሲንግ ከተማ ላለችው ልጇ ለኬይ ደወለች። ኬይ የወዲያኛው ወገን ናት፤ ሕጉ ይጥበቅ ብላ ሰልፍ የምትወጣ።

"እማዬ፣ እኛ የምንለው እኮ ይሄንን ነው። አባዬ ያኔ አስመዝግቦት ቢሆን ኖሮ…"

"እሺ ልጄ፣ ክርክሩን አሸንፈሻል። እንኳን ደስ ያለሽ። አሁን መጥተሽ ውሰጂልኝ።"

"እኔ ሽጉጥ አልነካም። ፖሊስ ጥሪያ!"

"ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ አባትሽ ምን ይዞ የሚወጣ ይመስልሻል?"

ቬርና መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። አንዱ መብቴ ይላል፣ አንዷ ሕጉ ትላለች፤ ሽጉጡ ግን ጥይቱን እንደጎረሰ ራይኖ ትራስ አጠገብ ተቀምጧል። እነዚህ ሰዎች ሁለቱም ወገን ምነው አንድ ቀን እዚህ ቤት መጥተው ባደሩ! እንዲህ እያለች ሳህኑን ስታጥብ አንዱን ሰበረችው።

በማግሥቱ የሸሪፉ፣ ማለትም የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው እንግዳ ተቀባይዋ ጆዲ ናት፤ ቬርና ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን የቆረጠችላት።

"ያምጡት፣ እንረከባለን። አይከሰሱም" አለቻት ጆዲ። "ግን ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ የእኔ ነው፣ በፈቃዴ ሰጥቻለሁ ማለት አለበት።"

"ጆዲዬ፣ እሱ እኮ ታሟል።"

"አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ቬርና። ግን ደንባችን ነው። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው መሣሪያ እንዳንወስድ ብለው በስብሰባ ያስገቡት እኮ… አቶ ራይኖ ናቸው።"

"አቤት አምላኬ!" አለች ቬርና።

ከምሳ በኋላ ራይኖ ሲያሸልብ ሽጉጡን አነሳች። የአዳኝ ሚስት ናትና ጥይቱን አራገፈች፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከታ መኪናው ኋላ ቆለፈችበት። ራይኖን ቀስቅሳ "ተነስ፣ ቡናና የሄል ዳቦ ልጋብዝህ" አለችው። በመንገዱ ሁሉ የምትለምነውን ልመና በሆዷ ስታጠና ሄደች። ለኔ ስትል፣ ለልጅህ ስትል፣ አንድ ጊዜ ብቻ እሺ በል። እንደሚጮኽ ታውቃለች፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ያንን የአዳራሹን ንግግር እንደሚያወርደው ታውቃለች። ይጩኽ፣ ብቻ ይፈርም።

ቢሮው ሲደርሱ ጆዲ ሽጉጡን ከምሳ ዕቃው አውጥታ የመስተንግዶው መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

"አቶ ራይኖ፣ ይሄ ሽጉጥ የእርስዎ ነው?"

ራይኖ መነጽሩን አደረገ። አነሳው፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጠ፤ እጁ አልረሳም። አገላበጠው።

"የኔ አይደለም" አለ።

"ራይኖ፣ ደህና አድርገህ እየው እስቲ" አለች ቬርና።

"አየሁት እኮ! ጥሩ ዕቃ ነው፣ በደንብ ተይዟል። ግን የኔ አይደለም፤ አይቼውም አላውቅ።" ከዚያ ወደ ጆዲ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። "ስሚ፣ የኔ ልጅ። ይሄ የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱን ፈልጊና መልሺለት። አልተመዘገበም ምናምን እያልሽም እንዳታጉላዪው፤ መብቱ ነው!"

ጆዲ ልትስቅ ነበር፤ የቬርናን ፊት ስታይ ተወችው። ሽጉጡን ቀስ ብላ ከእጁ ተቀበለችው። "ወድቆ የተገኘ ብዬ ላስገባው" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ካዝናውንም ቆለፈችበት።

ስንት ቀን የለመነችው ነገር ሆነ። ቬርና ግን እፎይ ማለት አቃታት። የባሏን ክንድ ይዛ ወደ መኪናው ስትወስደው ራይኖ በረዶው ላይ ቆም አለ።

"ያ ሰውዬ ሽጉጡን ሲያጣው በጣም ነው የሚናደደው" አለ አዝኖለት።

"አዎ" አለች ቬርና። "ይናደድ ነበር።"