ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ

ነቀምቴ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲጎርስ፣ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሲመጣ፣ አለቃዬ የይለፍ ቃላቸውን ሲረሱ የምጠራው እኔ ነኝ። ሁሉም ሰላም ሲሆን ግን መኖሬን የሚያስታውስ የለም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሬአለሁ። አልተቀየምኩም፤ ደክሞኛል ግን። ትናንት የጠገንኩት ነገር ዛሬ ተበላሽቶ በር ላይ ሲጠብቀኝ የሚመጣ ድካም ነው፤ እንቅልፍ አያወጣውም።

ያም ሆኖ አንድ የምኮራበት ሥራ ነበረኝ። ዱሮ ደብዳቤ ወርድ በሚባለው ፕሮግራም ይተየባል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ ፖስታ ውስጥ ገብቶ መናኸሪያ ይወሰድና ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል። ረዳቱ የሚቀበለው ሰው ካላገኘ ይዞት ይመለሳል። አንዳንዱ ደብዳቤ ከእኔ የበለጠ ወለጋን ዞሯል። ይኼን ለመገላገል ብዬ ማክሮ ጻፍኩ። ማክሮ ማለት ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ ካስተማሩት በኋላ በአንድ ቁልፍ የሚደግመው ሥራ ነው። የእኔው ማክሮ ወርድ ላይ ያለውን ደብዳቤ ያነባል፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ይለያል፣ ጽሑፉን አንሥቶ ኢሜይል ውስጥ ይከትና ይልካል። ማህተም በኢሜይል አይሄድም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ካለው የተጠራጠረ ሰው ስልክ ደውሎ ማጣራት ይችላል ተብሎ ከየወረዳው ጋር ስምምነት ተደረሰ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ ከእንግዲህ ደብዳቤ በአውቶቡስ አይላክም አሉ፤ ተጨበጨበልኝ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ብልሽቶች የሚያስቁ ነበሩ። ማክሮ ያለበት ፋይል ሲከፈት ከላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ «ፍቀድ» የሚለውን ካልነኩት ማክሮው አይነሣም። ጸሐፊያችን ደግሞ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ስለማትወድ በየጠዋቱ ታባርረዋለች። ከዚያ እኔ ስጠራ ማክሮህ ሞቷል ትለኛለች። ሌላ ቀን ኔትወርክ ጠፋ፤ ኢሜይሉ ሳይወጣ ተቀመጠ፤ እሷ ያልሄደ መስሏት ደጋግማ ተጫነችው። ኔትወርኩ ሲመለስ ኡኬ ያለው ቢሮ አንዱን የስብሰባ ጥሪ ሰባት ጊዜ ደረሰው። ስብሰባው ሰባት ቀን ነው ወይ ብለው ደወሉ። ይኼን ሁሉ ጠገንኩ፤ ከዚያ የክረምቱ የመምህራን ዝውውር ደረሰና ማክሮው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራውን ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ኢሜይሎቹ ግርጌ የእኔ ስልክ ስላለ ነው ያገኘችኝ። «ኦቦ፣ አካም ጂርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቀች፤ ከብቱ፣ ቤቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ከተጠየቀ በኋላ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ኑኑ ቁምባ በሚባለው ወረዳ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረች መምህርት ናት። ባሏ ነቀምቴ ነው ያለው፤ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ነው፣ እህቱ ታስታምመዋለች። በእሱ ምክንያት የጠየቀችው ዝውውር በስንት ደጅ ጥናት ተፈቅዶላታል። ደብዳቤው በኢሜይል ወረዳው ደርሷል፤ የወረዳው የሰው ኃይል ሹም ግን አትሞ አየውና ቁጥርም ቀንም የለውም፣ ይኼ ያልተወለደ ደብዳቤ ነው፣ በዚህ መሸኛ አልጽፍም አላት። ደብዳቤው ደግሞ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዲሱ ትምህርት ቤት ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ይናገራል። ደብዳቤው የተፈረመው ሰኞ እንደሆነ አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል። «ማክሮው ነው፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አልኳት።

እውነትም ማክሮው ነበር፤ ጉዴም የጀመረው ከዚያ ነው። ፋይሉን ስከፍት የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሥሩም የቁጥርና የቀን መስመር ያለው በገጹ ራስጌ ውስጥ ነው። ወርድ ደግሞ ራስጌን ከዋናው ጽሑፍ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ማክሮዬ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ሲያነሣ ራስጌውን እዚያው ይተወዋል። ጥፋቱን በማግኘቴ ደስ አለኝ። ዓርብ ራስጌውንም እንዲያነሣ አድርጌ ደብዳቤውን እንደገና ላክሁ። ከሰዓት ደወለች። አሁን «ላኮፍሳ» እና «ጉያ» የሚሉት ቃላት፣ ማለትም ቁጥር እና ቀን፣ መጥተዋል አለች፤ ከፊታቸው ግን ባዶ መስመር ብቻ ነው። ሹሙ ስቆ መልሷታል።

ያን ዕለት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ወረቀቱ እስኪመጣ እንዲያው ነቀምቴ ወርጄ ባሌን ልየው ወይ፣ ጥቂት ቀን አብሬው ልሁን ወይ አለችኝ። እኔም አሰብኩ፤ ክረምት ነው፣ መንገዱ በጎርፍ ከተቆረጠ ተመልሳ ሳትደርስ ደብዳቤው ይመጣና መሸኛዋን የሚቀበልላት ይጠፋል። «እንዳትመጪ» አልኳት፤ «እዚያው ጠብቂ፣ ሰኞ ያልቃል።» በደግነት የተናገርኩት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ግማሹ የማክሮዬን ክብር መጠበቅ ነበር፤ ወረቀት ፍለጋ ነቀምቴ ድረስ ሰው ከመጣ፣ የተጨበጨበልኝ ነገር ከንቱ ሊባል ነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ጸሐፊያችን የለችም። ሲሬ ያሉ አጎቷ ሞተው ለቅሶ ሄዳለች፣ የምትመለሰው ሐሙስ ነው ተባልኩ። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ደውሎ የደብዳቤ ቁጥር መጠየቅ ነውር ነው፤ አልደወልኩም። ያኔ እንደመሰለኝ ጸሐፊዋ ቁጥሩንና ቀኑን የሞላችበት ሌላ ቅጂ ሊኖር ይገባል፤ ማክሮው ሳይሞላ የተቀመጠውን አሮጌ ቅጂ እየላከ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሯን መበርበር ጀመርኩ። «ዝውውር የመጨረሻ» የሚል አገኘሁ። «ዝውውር የመጨረሻ ሁለት» የሚል አገኘሁ። «ዝውውር እውነተኛው የመጨረሻ» የሚልም አለ። ሁሉም ላይ መስመሩ ባዶ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አሳሳተኝ። ለሲሬም ለኡኬም የዝውውር ደብዳቤ ተልኳል፤ ከሁለቱም ቅሬታ አልመጣም። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የኑኑ ቁምባ ነው ብዬ ደመደምኩ። የእነሱ ኮምፒውተር ነው፣ የእነሱ ኢሜይል ነው እያልኩ የኑኑ ቁምባውን ሹም በስልክ ይኼን ክፈት፣ ያንን ዝጋ ስለው ዋልኩ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን እሱም ሰለቸው።

መምህርቷ ሰኞም ደወለች። በዚያን ጊዜ «ኦቦ»፣ ማለትም አቶ፣ መባሌ ቀርቶ «ወንድሜ» ሆኛለሁ። ዛሬ ወይ ነገ ይደርስሻል አልኳት። ማክሰኞ ማክሮውን መስመር በመስመር እያስኬድኩ ዋልኩ፤ አንዱ መስመር ቢጫ ሆኖ ይበራል፣ ቁልፉን ስነካ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ለራሴ ኢሜይል ሃያ ጊዜ ያህል ላክሁ፤ ሃያውም ባዶ መስመሩን ይዞ መጣ። ኢንተርኔት ላይ የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ፤ አንዱ የእኔን የመሰለ ጥያቄ ጠይቆ፣ ሌላው እኔም እንዲሁ ሆኖብኛል ብሎ፣ እዚያው ላይ ቀርቷል። ዓይኔ ቀላ። ረቡዕ ስትደውል ስለ ኔትወርክ አወራሁ።

ሐሙስ ጸሐፊዋ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጣች። ነፍስ ይማር ብዬ ሳልጨርስ ቁጥሩና ቀኑ የተሞላበት ፋይል የት እንዳለ ጠየቅኋት። እንደ ዕብድ አየችኝ። «ቁጥርና ቀን እኔ መቼ ጽፌ አውቃለሁ?» አለችኝ። «መዝገብ ቤት አይደል በእስክሪብቶ የሚጻፈው?»

በእርግጥ መዝገብ ቤት ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ሁሉ ደብዳቤ ሲተየብ መስመሩ ባዶ ይተዋል፤ ከተፈረመ በኋላ መዝገብ ቤት ይወርዳል፣ እዚያ ወጪ መዝገብ ላይ ተራው ደርሶ ቁጥሩና ቀኑ በእጅ ይሞላል፣ ማህተም ይመታል። ይኼን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። የእኔም የቅጥር ደብዳቤ ቁጥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። የማላውቀውን ነገር ሳይሆን የማውቀውን ነው ያላሰብኩት። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ሳምንት የፈለግሁት ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

መዝገብ ቤቱ ከክፍሌ ሃያ እርምጃ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ናቸው፤ ቀስ ብለው መዝሙር እያንጎራጎሩ ነው የሚጽፉት፣ ጽሑፋቸው ግን እንደ ማተሚያ ነው። የኑኑ ቁምባውን ደብዳቤ ስጠይቃቸው አንድ ፋይል ከፈቱና ከላይ ያለውን አወጡልኝ። ቁጥር አለው። ቀን አለው። ማህተሙም ጥርት ብሏል። የሲሬና የኡኬዎቹስ ስል ሰኞ ዕለት ገበያ የመጡ የየቢሮዎቹ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ጎራ ብለው ወረቀታቸውን ወስደዋል አሉኝ። ለዚህ ነው ያልደወሉት፤ ኢሜይሉን ያየውም የለም። ኑኑ ቁምባ ሩቅ ስለሆነ የሚመጣ አልነበረም፤ አውቶቡሱን ደግሞ እኔ አስከልክያለሁ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ አዴ?» አልኳቸው፣ እናቴ ማለቴ ነው፤ ጥፋቱን ማካፈል ፈልጌ መሰለኝ።

«ማሎ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ምነው ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተ ማሽኑን ነው እንጂ እኔን መቼ ጠየቅኸኝ?»

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለሹሙ ላክሁ፤ ዋናውን ራሴ መናኸሪያ ወስጄ ለረዳት ሰጠሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ተፈትቶ ሲንጠለጠል መናኸሪያው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። ሹሙ ፎቶውን አይቶ ቁጥሩን በስልክ አጣራ፤ ዓርብ መሸኛዋን ጻፈላት። ሰኞ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ነቀምቴ አዲሱ ትምህርት ቤት ሪፖርት አደረገች። ቦታዋ አልተወሰደባትም። አለቃዬ ሲሰሙ አየህ፣ በሰዓቱ ደረሰ አሉኝ። አሁን ቁጥሩና ቀኑ አስቀድሞ ከመዝገብ ቤት ይመጣና ከመላኩ በፊት ይተየባል፤ ማክሮው ይሠራል፣ የሚያማው የለም።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ አንዲት አጠር ያለች፣ ሹራብ የደረበች ሴት ክፍሌ ድረስ መጣች። ድምፅዋን ስሰማ አወቅኋት። ጥቂት ወረቀት ልታስገባ መጥታ፣ ስልኬን ሳትሰለች ስላነሣህልኝ ላመሰግንህ ነው የመጣሁት አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት። ሰውየውስ እንዴት ነው አልኳት።

ቤት የገባችው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ በስልክ ስትጠይቅ እህቱ ተኝቷል፣ አሁን ገና አሸለበው እያለች ታሳልፋት ነበር፤ ለካ ማክሰኞ ከሰዓት ስትሮኩ ደግሞት ምላሱ ተይዟል። መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብለው ደብቀዋታል። አሁን ዓይኑን ይከፍታል፣ እጇን ይይዛል፣ አንድ ቃል ግን አይወጣውም። ሐኪሙም ይመለሳል አላለም።

«ሰኞ ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «መቼ ነው የምትመጪው አለኝ። አንተ እንዳልከኝ ዛሬ ወይ ነገ ነው አልኩት። እሺ ብሎ ዘጋው።»

ያን ወረቀት በዚያ ሰኞ ሃያ እርምጃ ሄጄ ላነሣው እችል እንደነበር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። እሷ ግን ተነሥታ በሁለት እጇ እጄን ይዛ «ዋቅኒ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለችኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ማለቷ ነው። አሜን አልኩ።