ከታችኛው ቁም ሳጥን የወጣው ሃይላንድ

ፍሬዓለም ቁጡ ናት። ቆቦ ላይ በዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፍ ቤተ ሙከራ ውስጥ እግሩ የረገጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቤተ ሙከራው የጋራ ነው፤ ሦስት የትምህርት ክፍሎች ከሲሊከን ዝርግ ላይ ትንንሽ ቺፕና የፀሐይ ኃይል ሴል ለመሥራት ይሻሙበታል። ቁልፉ፣ የተራ መዝገቡ፣ ጋዙ፣ ጓንቱ፣ ያ ነጭናጫ ጄኔሬተር እንኳ ሳይቀር በእሷ እጅ ነው። አንዲት ብናኝ የወር ልፋት ታበላሻለችና፣ የራያ ንፋስ በበር ስር ያስገባውን አቧራ ሳታስጠርግ ማንንም አታስገባም። «ተራዬን ወሰዱብኝ» ብሎ የሚያለቃቅስ ተማሪ ከመጣ «መዝገቡ ላይ ካልተጻፍክ አልተወለድክም!» ብላ ትመልሰዋለች። በሩ ላይም በገዛ እጇ በትልልቁ የጻፈችው ማስታወቂያ አለ፦ «ምግብም ሆነ የሚጠጣ ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ደንቡን የጣሰችው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት።

ራስ ምታት ያሠቃያታል። ባለፈው ቅዳሜ የሚካኤልን ጠበል በሃይላንድ ቀድታ መጣች። ቤቷ ግን ቆርቆሮ ነው፤ በቆቦ ሙቀት እንኳን ውኃ ሰውም ይፈላል። ቤተ ሙከራው ቀዝቃዛ ነው። «ማን ያየኛል?» ብላ ታችኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ሸሸገችው።

ትናንት ከሥራ መውጫ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ ማሚቴን ፊታቸው ጠቁሮ አገኘቻቸው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሰላም ትኩሳት ይዟት ሰንብቷል። ሐኪም መድኃኒት ሰጥቷታል፤ እህል ግን አልቀምስ ብላለች። ለእሷው ብለው የሁለት ቀን ፈቃድ ወስደዋል።

«እትዬ፣ ታችኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ጠበል አለኝ። ለልጅቷ ይውሰዱላት» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ!»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍሬዓለም ጄኔሬተሩን ልታስነሳ ስትሮጥ፣ እሳቸው በጭለማው ገብተው ሃይላንዱን አንሥተው ወደ ቤታቸው ወደ ጎብዬ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡን ገለጠች። ታሂር የሚባለው የዋጃ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ትናንት ኤች ኤፍ የሚባለውን አሲድ መውሰዱን ጽፏል። መመለሱን ግን አልጻፈም። ይህ አሲድ መስታወት ይበላል፤ ለዚህም ነው በፕላስቲክ ብቻ የሚቀመጠው። ሲያዩት ውኃ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ላያቃጥል ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ወደ አጥንት ሲዘልቅ ነው ሰውን የሚያስጮኸው። የተጠጣ እንደሆነማ አያድርስ ነው።

ደወለችለት። «ታሂር፣ የተረፈው አሲድ የታለ?»

«ማስቀመጫው ተሰነጠቀብኝና ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥኩት። ታችኛው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።»

«ሃይላንድ ከየት አመጣህ?»

«ይቅርታ... ተደብቄ ውኃ ስጠጣበት የነበረ ነው። ግን ወላሂ በማርከር ጽፌበታለሁ!»

ስልኩን ሳትዘጋ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። አንድ ሃይላንድ ብቻ ነው ያለው፤ ጽሑፍ የለበትም። እትዬ ማሚቴ ደግሞ ማንበብ አይችሉም። ምናልባት ጽሑፉ ለቆ እንደሆነ ብላ ጓንት አጥልቃ፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ ወረቀት ነከረችበት። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሌላ ነከረች። ያም አልቀላም። እፊቷ ያለው የሚካኤል ጠበል ነው።

«ወየው ጉዴ! ልጅቷን ገደልኳት!» አለች።

እትዬ ማሚቴ ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ለአሲዱ ቃጠሎ የሚቀባውን ቅባት ከመሳቢያ መንጭቃ ወጣች። የጎብዬ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሣም። ባጃጅ በኮንትራት ያዘች። «ንዳ! በናትህ ንዳ!» እያለች የሹፌሩን ትከሻ ትደበድባለች። ማሽላው፣ ግመሉ፣ የቆመው ሲኖ ትራክ ሁሉ መንገድ የዘጋባት መሰላት። አንድ ነገር ብቻ ነው በራሷ ውስጥ የሚዞረው፦ ጠበል የሚጠጣው በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ማለዳው ደግሞ አልፏል። «ሚካኤል፣ በኔ ጥፋት ልጅቷን አትውሰዳት» ከማለት በቀር ጸሎት ጠፋባት።

ጎብዬ ስትደርስ እትዬ ማሚቴ ደጅ ላይ ልብስ ያሰጣሉ።

«እትዬ! ሰላምስ?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ተኝታለች።»

ተኝታለች የሚለውን ስትሰማ የሞተች መሰላት። ሮጣ ገባች። ልጅቷ መደቡ ላይ ፊቷን አዙራ ተኮራምታለች። ጠረጴዛው ላይ ሃይላንዱ፣ አጠገቡም በሳህን የተከደነ ብርጭቆ አለ።

«ተአምሩን እይልኝማ!» አሉ እትዬ ማሚቴ ሳህኑን አንሥተው። «ብርጭቆው እኮ ነጭ ሆነ፤ ደመና መሰለ!»

አሲዱ መስታወቱን እየበላው ነበር።

«ጠጣች? እትዬ፣ ጠጣች ወይ?»

«የት ትጠጣልኝ! ቀድቼ፣ አባታችን ሆይ ደግሜ ዞር ብል ዳቦ ስትገምጥ አገኘኋት። ስንት ቀን እህል እንቢ ያለች ልጅ፣ ዛሬውኑ! እህል ተቀምሶ ጠበል ይጠጣል? ለነገ ብዬ ከደንኩት። እንዴት እንዳናደደችኝ! መታኋት፤ እያለቀሰች ነው የተኛችው።»

ፍሬዓለም መሬት ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ተናገረች። ጠበል አይደለም፣ አሲድ ነው አለች። ታሂርንም፣ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያም፣ የራሷን ሃይላንድም አልደበቀችም። «የተማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም። እኔው ነኝ ያመጣሁት፣ እኔው ነኝ ይውሰዱት ያልኩት።»

እትዬ ማሚቴ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

«ስቀዳ ጣቴን ነክቶኛል። ምንም አላለኝም ግን።»

ፍሬዓለም ዘላ ተነሣች። እጃቸውን ይዛ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ጀሪካኑን ጨረሰችው። ቅባቱን እየለቀለቀች ቀባችው። «መቀባቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ ባጃጁ ቆሟል፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለቻቸው። ሃይላንዱንና ብርጭቆውን በጓንት አንሥታ በፌስታል ደርባ ቋጠረች።

እትዬ ማሚቴ ግን ከመደቡ አጠገብ አልተነቃነቁም። ሰላም በጫጫታው ነቅታ፣ ያበጡ ዓይኖቿን እያሻሸች አያቷን በፍርሃት ታያለች። የተገመጠው ዳቦ እዚያው ራስጌዋ ነው።

«አንሥተሽ ስጫት» አሉ ለፍሬዓለም፣ የተቀባ እጃቸውን ከልጅቷ እያራቁ። «እኔ እጄን አላምነውም።»

ፍሬዓለም ጓንቷን አውልቃ፣ ከሌላ ጀሪካን እጇን ታጥባ፣ ዳቦውን ለልጅቷ ሰጠቻት። ሰላም ያዘችው እንጂ ወደ አፏ አላደረሰችውም።

«እማዬ፣ ልብላው?» አለች አያቷን።

«ብዪ» አሉ እትዬ ማሚቴ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል። «ብዪ፣ የኔ እናት። ሁሉንም ብዪው።»