አንድ ዙር ብቻ

ድራመሩ ሰፈሩን ያስመረረው ድራም ሲመታ አይደለም፤ ሲቀጠቅጥ ነው። ርካሽ ሲምባል፣ ያችን የድራም የነሐስ ሳህን ማለቴ ነው፣ ከገበያ ይገዛና ሳሎን ተጎልቶ በመዶሻ እየመታ ጥሩ ድምፅ ሊያወጣላት ይታገላል። በጠመኔ ክብ ያሰምርባታል፣ ከጠርዝ ወደ መሀል እየዞረ ይቀጠቅጣታል፣ ከዚያ በጣቱ ነካ አድርጎ ጆሮውን ይደቅናል።

"ገና ናት። አንድ ዙር ብቻ!"

"እሱ አንድ ዙርህ ነው ዕድሜዬን የጨረሰው!" ትጮኻለች ሚስቱ ከጓዳ።

ቅዳሜ ዕለት እልህ ያዘው። አንድ ዙር፣ ደግሞ አንድ ዙር ሲል ሳህኗ መሀሏ አብጦ ጠርዟ ወደ ታች ታጠፈ። ቢመታት "ዱብ" ብቻ አለች። እሷንም መዶሻውንም ወርውሮ በሩን ደርግሞ ወጣ።

ሲመለስ ክዳኑ ከጠፋ የከረመው ትልቁ ድስት ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ሳህኗ አፉ ላይ ልክክ ብላለች፤ እንፋሎቱ በመሀል ቀዳዳዋ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

"ሃያ ዓመት ቀጥቅጠህ ዛሬ ገና ሥራ ሠራህ፤ እጅህ ይባረክ!" አለችው ሚስቱ።

ድራመሩ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን መዶሻውን ከወለሉ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ትንሹም ድስት ክዳን የለውም። በል እንጂ፣ አንድ ዙር ብቻ!"