ከመጨረሻው ወንበር የምትታይ ነጥብ

ፎቶ ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። መግቢያው ላይ ለመታወቂያ የሚነሱ ሰዎች የሚቀመጡበት በርጩማ፣ ከበርጩማው ኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ኮምፒውተርና ስካነር አለ። ሥራውን የምትሠራው ሃምሳን የተሻገረች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሰፈሩ «ልኬ» ይላታል። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ካለ የግብር ቢሮ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከአፏ ከማይጠፋው ቃል ነው፦ ፎቶ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ሰላም ሳትለው፣ «በምን ላይ ልታሳየው ነው? ልኩን ንገረኝ» ትለዋለች።

ብዙ ሰው ስላይድ ሾው ማለት ፎቶ ደርድሮ ዘፈን መጫን ይመስለዋል። ልኬ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። እሷ ፎቶዎቹን ከመንካቷ በፊት ፕሮጀክተሩ ያለበት አዳራሽ ድረስ ትሄዳለች። ቀጫጭን መስመሮች ያሰመረችበትን የራሷን ምስል ግድግዳው ላይ ታበራና የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሄዳ ትቀመጣለች። «ፊት የተቀመጠማ ምን ብታሳዪው ያያል፤ የኔ ደንበኛ አርፍዶ መጥቶ ጥግ የተወሸቀው ነው» ትላለች። መስመሮቹ ከዚያ ወንበር ተለይተው ከታዩ፣ ምስሉ በስንት ፒክስል፣ ማለትም በስንት ጥቃቅን ነጥብ፣ ተሠርቶ መቅረብ እንዳለበት አወቀች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣ ቁጥሩን አያስለውጣትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንድምና እህት መጡ። አባታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ሲሠሩ የኖሩ አናጺ ናቸው፤ በሚመጣው እሑድ ሰባ አምስት ዓመት ይሞላቸዋል፤ ልደታቸው በአዳራሽ ይከበራል። ወንድምየው መንገድ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ ራሰ በራ፣ ድምፁ እንደ ሥራው ሰፊ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው።

«ሦስት መቶ አርባ ፎቶ አለበት እትዬ። እያንዳንዱ ባለ አርባ ስምንት ሜጋፒክስል ነው። አንዷን ነጥብ እንዳትቀንሺብኝ! የአዳራሹ ፕሮጀክተር ፎር ኬ ነው፣ ወርዱ አራት ሺህ ነጥብ ያህል፤ ላዩ ላይ ተጽፏል።»

«ላዩ ላይ የተጻፈ ሁሉ ይታመናል እንዴ? የሻምፖው ጠርሙስ ላይስ ጸጉር ያበቅላል ተብሎ ተጽፎ የለ?» አለችው ራሱን እያየች።

እህትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ያንን ፕሮጀክተር አብጠርጥሬ ነው የማውቀው» ቀጠለች ልኬ። «ወርዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ቁመቱ ስምንት መቶ ነጥብ ያሳያል። በቃ። ከዚያ በላይ ያለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፎቶህን እንዳለ ብጭነው ኮምፒውተሩ ያቃስትና እንግዳህ ክብ ሲሽከረከር አይቶ ይሄዳል።»

እህትየዋ ያን ጊዜ ስልኳን ለልኬ አቀበለቻት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ከግራ ዓይኗ ሥር ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ስላለች ወንድሟ ከልጅነቷ ጀምሮ «ነጥቤ» ይላታል፤ አሁን ሰውም ሁሉ በዚያው ይጠራታል።

«እኔ የምፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ነው» አለች። «እናቴ ናት። ስትሞት እኔ የስድስት ወር ልጅ ነበርኩ፣ እሱ አራት ዓመቱ። ከዚች ከመታወቂያ ፎቶ ሌላ የላትም። ከሷ ተሠርቶ ሳሎን የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አለ፤ እሱን እያየሁ አደግኩ። እትዬ፣ ራሴን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። አፍንጫው የወንድሜ፣ ግንባሩ የወንድሜ። እስኪ አንዴ በትልቁ፣ ጥርት ብላ ልያት።»

«አንቺማ በር ሊያሠራ የመጣ ሰው ረስቶ የሄደው ልጅ ነሽ፤ ስንቴ ልንገርሽ?» አለ ወንድሟ።

ሠላሳ ዓመት የተቀለደ ቀልድ ነው። ጥርስ ባዳ ነውና ነጥቤ ሳቀች። ልኬ ግን ዓይኗን አየች፣ ዓይኗ አልሳቀም።

በስልክ የተላከውን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ጎተት ስታደርገው ፊቱ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆነ። ኢንጂነሩ አባቱ ገላቸውን ሲታጠቡ ፎቶዋን ከቦርሳቸው አውጥቶ በስልኩ ለቅም አድርጎ ያነሳው፣ ከዚያም መልእክት መላኪያው ጨምቆ ያሳነሰው ነው፤ ወርዱ ሁለት መቶ ነጥብ አይሞላም።

«ይሄ ፊት አይደለም፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው» አለች። «ዋናውን አምጡልኝ።»

«አባዬ አይሰጥም። ለዚያ ለሳሎኑ ፎቶ አንዴ አውጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠም» አለች ነጥቤ።

«እንግዲያው እሳቸውም አብረው ይምጡ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። እጃቸው ሰፊ ነው፣ አውራ ጣታቸው ላይ የድሮ የመጋዝ ጠባሳ አለ። ቦርሳቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ከቦርሳው የተጣጠፈ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ፎቶ። ጥጉ ላይ ግማሽ ማኅተም አለበት።

ልኬ የስካነሩን መስታወት ሁለት ጊዜ ወለወለችና ከፍተኛውን ቁጥር መረጠች፦ ለእያንዳንዱ ኢንች ሁለት ሺህ አራት መቶ ነጥብ።

«ለልጄ ትንሽ ይበቃል ስትይው አልነበር?» አሉ ሽማግሌው፤ ወሬው ደርሷቸዋል።

«የሱ ፎቶ ትልቅ ነው፣ መቀነስ አያቅተኝም። የርስዎ ግን ትንሽ ነው። አሁን ያልወሰድኩትን ነገ ከየት አመጣዋለሁ?»

ስካነሩ እያቃሰተ እስኪጨርስ ሽማግሌው መዳፋቸውን ከክዳኑ ላይ አላነሱም።

ምስሉ ወጣ። ልኬ አስጠግታ ማጽዳት ጀመረች። የሠላሳ ዓመት የኪስ አቧራ፣ ጭረት፣ የላብ ጠብታ፤ አንድ በአንድ እየነካች አጠፋች። ይህን ሥራ ትወደዋለች፣ እጇም ከሐሳቧ ይቀድማል። ከግንባሩ ወረደች፣ ከቅንድቡ ወረደች፣ ከግራ ዓይን ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ጋ ደረሰች።

«እሷን ተያት» አሉ ሽማግሌው።

«አቧራ ናት እኮ አባባ።»

«አቧራ አይደለችም። ያኔም አቧራ መስላችሁ ጠረጋችኋት።»

የልኬ እጅ ማውሱ ላይ ቀረ። ማኅተሙን አየች፣ የአንገት ልብሱን አየች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ገና ተቀጣሪ ሳለች፣ ኮምፒውተር ባልገባበት ፎቶ ቤት፣ ጌታዋ ያሳደጉትን አንድ የሴት ፊት በቀጭን ብሩሽ ስታጸዳ ትዝ አላት። ጌታዋ «ይህን የመሰለ ንጹህ ሥራ አይቼ አላውቅም» ብለው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያመሰገኗት በዚያ ፎቶ ነው።

«የሳሎኑን ፎቶ የት ነው ያሠሩት?» አለች፣ መልሱን እያወቀችው።

«ከገበያው ጀርባ፣ ደረጃ ወጥቶ ካለው ፎቶ ቤት።»

ልኬ በሥራዋ ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም። አሁን ፊቷ ጋለ፣ አፈረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው እሷ ራሷ ናት።

«አባባ፣ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።»

ሽማግሌው የደረት ኪሳቸውን ነካ አደረጉ። «ልጆቹ ሲደሰቱ አየሁና ምን ልበል? እውነተኛዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

«ነጥቤስ? ለሷ እንኳ አልነገሯትም?»

«ስለ እናታቸው ላወራ ስል ድምፄ እንቢ ይለኛል። ደግሞም የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።» ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ዓይን ሥር አደረጉ። «ጠዋት ጠዋት በመስታወት ታያት የለ?»

ልኬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ከዚያ እንደ ልማዷ ወደ ቁጥር ገባች፣ ቁጥር ያረጋጋታል። በስልክ በተላከው ምስል ላይ ያቺ ነጥብ ከሁለት ፒክስል ብዙም አትበልጥም፤ ከጉንጩ ቀለም ጋር ተዋሕዳ ጠፍታለች። ፎቶዋ ብቻዋን ስምንት መቶውን ቁመት ብትሞላ ግን ነጥቧ ስምንት ፒክስል ትወጣለች። ስምንት ደግሞ ከጥጉ ወንበር ይታያል።

«ለልጅቷ ልንገራት?»

«አትንገሪያት። ትያት።»

ቅዳሜ ኢንጂነሩ ደውሎ የእናቱ ፎቶ ከሌሎች ሦስት ጋር ተደርድራ እየተሽከረከረች እንድትገባ ጠየቀ።

«እናትህ ብቻዋን ነው የምትቆመው። አትሽከረከርም» አለችውና ዘጋችበት።

እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። ልኬ ኮምፒውተሯን ይዛ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከሦስት መቶ አርባው ሰማንያ ስድስቱን መርጣ ሁሉንም በአዳራሹ ልክ አሳንሳቸዋለች፤ አንዱም ሳያቃስት እያለፈ ነው። አናጺው በወጣትነታቸው በር ተሸክመው፤ ሳቅ ሆነ። ኢንጂነሩ በልጅነቱ ጸጉር ሳለው፤ የባሰ ሳቅ ሆነ። ሦስተኛዋ እናትየው ናት።

ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ቆመች። ልኬ ማቆሚያውን ተጫነች።

ነጥቤ ከፊት ረድፍ ተነሳች። ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። የናቷን ፊት አየች፣ ከዚያ ጣቷ ሳታዘው ወደ ራሷ ዓይን ሥር ሄደ።

«አባዬ!» አለች፣ ዘወር ሳትል።

«አዎ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከሷ ነው ያገኘሻት።»

ወንድምየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ያ ሰፊ ድምፁ የለም። «እጫናት ነበር» አለ። «ያቺን ነጥብ እጫናት ነበር። አቅፋኝ ሳለች፣ እንደ በር ደወል። ስጫናት... ‹ማነው?› ትለኝ ነበር። እንዴት ረሳሁት? ሠላሳ አራት ዓመት እንዴት ረሳሁት?»

እህትየዋ ዞረች። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ትስቃለች፤ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗም ይስቃል። ወንድሟ ጋ ሄዳ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች።

«እስኪ ተጫን» አለችው።

ኢንጂነሩ ጣቱን ከግራ ዓይኗ ሥር አሳረፈ።

«ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ፣ እንደ አራት ዓመት ልጅ እያለቀሰ።

ከኋላ ጥግ ላይ ልኬ ቀጣዩን ፎቶ አላሳለፈችም። ጊዜው ካሰበችው በላይ ሄዷል፤ ለዛሬ ልኩን ተወችው።