የናፍጣ ብርጭቆና የግራር ሙጫ

የአጎቴ ትራክተር በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ለዚህ ይመስለኛል ከእኔ ይልቅ እሷ የምትከበረው። ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ ላይ፣ ጠዋት ስንነሣ አጎቴ መጀመሪያ «ደህና አደርሽ» የሚሉት እሷን ነው። እኔ ነጂዋ ሻይ እስካፈላ ድረስ መኖሬም ትዝ አይላቸውም። አጎቴ በድርቁ ዘመን ከጎንደር ተሰደው የመጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖሩ እንጂ የራሴ የሚሉት አዝመራ ኖሯቸው አያውቅም። ዘንድሮ ግን አንድ ባለ መሬት ከእርሻው ዳር ያለችውን ቁራሽ የምርቱን እኩሌታ ሊካፈሉ ሰጣቸው። ከሚመጣው ትልቅ ዝናብ በፊት ሰሊጡ መሬት ውስጥ ካልገባ ግን ቁራሿን ለሌላ ባለ ትራክተር እሰጣለሁ ብሏል። የዚያ አገር ጥቁር አፈር አንዴ ውኃ ከጠገበ ትራክተር ቀርቶ ፍየል አያሳልፍም።

ብርጭቆዋ ማንጠባጠብ የጀመረችው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ከናፍጣ ታንኩ ሥር የተንጠለጠለች፣ የሻይ ብርጭቆ የምታክል ነገር ናት፤ ናፍጣው ወደ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ውኃውና ቆሻሻው እሷ ውስጥ ይዘቅጣል። በብርጭቆዋና በክዳኗ መካከል ያለው ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቱ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ናፍጣ ይወጣል፣ አየር ይገባል፤ ሞተሩም ሁለቴ ሳል ሳል ብሎ ቀጥ ይላል። ገዳሪፍ ከተማ መለዋወጫ ለሚሸጥ ወዳጃችን ብንደውል፣ ከጦርነቱ ወዲህ ጎሚኒ የሚባል ነገር እንዳላየ ነገረንና «ከበዓሉ በኋላ ኢንሻላህ» አለ። የትኛው በዓል እንደሆነ አልነገረንም።

አጎቴ ግን ለዓለም ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት አላቸው፤ ሱዳኖቹ ሰምግ የሚሉት የግራር ሙጫ። ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው በጥብጠው ይጠጡታል፤ የተሰነጠቀ ተረከዛቸውንም ይደፍኑበታል።

«ሰምግ በናፍጣ አይሟሟም፤ ወላሂ እንደ ብረት ነው የሚይዝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ሞተር ነው፤ ሆድዎ አይደለም።»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

ያዝኩ። ሙጫውን በጥብጠው አሮጌው ጎሚኒ ላይ ቀቡት፤ ፀሐይ ላይ አደረቅነው፤ ብርጭቆዋን መልሰን አጠበቅናት። እውነትም አንዲት ጠብታ አልወጣችም! እኔን ያበሸቀኝ መሳካቱ ነው። እስከ ቀትር ድረስ ስንዘራ ከኋላዬ ዘር ሣጥኑ አጠገብ ተንጠላጥለው ስለ ሙጫ ሲሰብኩኝ አረፈዱ፤ ያልተሰደበ መሐንዲስ አልቀረም።

ቀትር ላይ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ቆመ። ወርጄ ባይ ብርጭቆዋ ታንጠባጥባለች። ፈትቼ ብገለብጣት እስከ አንገቷ ድረስ ውኃ ነው፤ ለካ በጀሪካን የገዛነውን ናፍጣ ሻጩ በውኃ በርዞታል። ሙጫ በናፍጣ አይሟሟም፤ በውኃ ግን እንደ ስኳር ይሟሟል። ውኃ ለማጠራቀም የተሠራችውን ዕቃ ውኃ በሚያሟሟው ነገር ደፍነን ግማሽ ቀን ተኩራርተናል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። አጎቴ አልሳቁም። በምሥራቅ፣ በአገራችን በኩል፣ ደመናው ጠቁሯል፤ ያልተዘራው ደግሞ ከእኩሌታ በላይ ነው።

ወደ ቤት ሄዱና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። መርኩብ ነው፤ ሱዳኖቹ ለበዓል የሚጫሙት የቆዳ ጫማ። አፈር ነክቶ አያውቅም። ይህን ጫማ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፤ አጎቴ ጎንደር የሚገቡበት ነው። «ስሄድ፣ ስሄድ» እያሉ በየጊዜው ቅባት ይቀቡታል። እኔም ተሰድጄ እሳቸው ዘንድ የደረስኩ ጊዜ ያን ጫማ አይቼ፣ እኒህ ሰው አንድ ቀን አገሬ ይመልሱኛል ብዬ ተጽናንቻለሁ።

«ጋሼ፣ ተዉ! የእኔን ሸበጥ እንቁረጥ።»

«ሸበጥህን ናፍጣ ያሳብጠዋል» አሉና ቢላቸውን አወጡ።

ከመርኩቡ ጎን በብርጭቆዋ አፍ ልክ ክብ ቆረጡ፤ ቆዳውን በሰሊጥ ዘይት ነክረው አለሰለሱት። እኔ ውኃ የሌለበትን ናፍጣ ከጀሪካኑ ከላይ ከላዩ ቀዳሁ፣ ብርጭቆዋን አሰርኩ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ የናፍጣ ፓምፑን በእጅ ገፋሁ። መጀመሪያ ጥቂት አላባት፤ ቆዳው ሲጠግብ ግን ደረቀች።

የመጨረሻውን ፈር ጨርሰን ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። አጎቴ በባዶ እግራቸው መሬቱ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን ይስቃሉ። እኔ ግን ከፍቶኛል፤ ደስታቸውም አናዶኛል።

«እንግዲህ ጎንደር በምን ሊገቡ ነው?» አልኳቸው። ላበሽቃቸው ነበር።

«ሰሊጤን ለማን ጥዬ?» አሉኝ።

እሳቸውን ወደ ጎንደር የሚመልስ እንደሌለ፣ እኔንም ወደ አገሬ የሚወስደኝ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሞተሩን አስነሣሁና፣ ጭቃው ሳይውጠን ወደ ቤት ነዳሁ።